የቦይ ጀልባ ሞተር መንገድ ላይ ሲያስቸግር፦ የእንግሊዝ ናሮውቦቶች አጠቃላይ ዳሰሳ

ናሮውቦት የሚባሉት የእንግሊዝ የቦይ ጀልባዎች ወርዳቸው 2.1 ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ርዝመታቸው እስከ 21 ሜትር ይደርሳል፣ ጀልባን ከአንድ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩት ሎኮች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዛ ልክ ስለተሰሩ ነው። ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት በእንግሊዝና በዌልስ የሚያስተዳድረው መስመር ብቻ ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ጠባቦቹ ቦዮች ላይ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 4 ማይል ማለትም 6.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እዚህ ሞተር ጠፋ ማለት ባህር ላይ ሞተር ጠፋ ከማለት ጋር በጭራሽ አይገናኝም፣ ውሃው አይፈስም ማለት ይቻላል፣ ብዙ ቦታም ሰው ቆሞበት ከደረት አያልፍም፣ ዳርቻው በረጅም እንጨት ይደረሳል። ደግሞ ሞተሩ ተበላሸ ተብሎ ከሚወራው አብዛኛው ሲታይ ሞተሩ ራሱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ያለው በዙሪያው ነው፣ ይሄን ካለማወቅ የተነሳ ስንት ደህና ሞተር በከንቱ ይፈታል።

ብሪጅዋተር ቦይ በ1761 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲከፈት ጀልባ የሚጎትተው ፈረስ ነበር። ፈረሱ ይሄድበት የነበረው ቶውፓዝ የሚባለው የዳር መንገድ ዛሬም አለ፣ ሞተሩ እምቢ ያለው ሰው ጀልባውን በገመድ የሚጎትተውም እዛው ላይ ሆኖ ነው። ቀጥሎ እንፋሎት መጣ፣ ማሽኑና ከሰሉ የጭነት ቦታ ስለሚሻሙ ግን ያን ያህል አልተስፋፋም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1912 ነው፣ ፌሎውስ ሞርተን ኤንድ ክሌይተን የተባለው ስመ ጥር የጭነት ኩባንያ የስዊድኑን ቦሊንደር ሞተር ጀልባዎቹ ላይ መግጠም ሲጀምር። ቦሊንደር አንድ ፒስተን ብቻ ያለው ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ነው፣ ማስነሳቱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መጀመሪያ ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለው አምፖል መሰል ብረት በፊያማ (ነበልባል በሚተፋ መሳሪያ) ደህና አድርጎ መጋል አለበት፣ ከዛ ጀልባ ነጂው ቮላኖው (ሞተሩ ላይ ያለው ከባድ ተሽከርካሪ ጎማ) ላይ ያለውን ወጣ ገባ የሚል ዘንግ በእግሩ ይረግጥና ፒስተኑን ወደ ኋላ አስጠግቶ ይለቀዋል፣ ሞተሩ ከተመታ ቮላኖው በዛው ይዞራል። ዘንጉ በጊዜው ወደ ውስጥ ካልተመለሰ እግር ይሰብራል፣ እና ይሄንን ሰዎቹ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ያደርጉት ነበር። የኋላ ማርሽ የሌላቸው ቦሊንደሮች ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄዱት ሞተሩ ራሱ በተቃራኒው እንዲዞር ተደርጎ ነው፣ ሊጠፋ እስኪቃረብ ድረስ ዙሩ ዝግ ይልና ልክ በሰዓቱ ነዳጅ ሲረጭለት ፒስተኑ ተመትቶ በሌላ አቅጣጫ ይነሳል፣ ሰዓቷ ካመለጠች ሞተሩ ይጠፋል፣ ጀልባው ደግሞ ጭነቱን እንደያዘ ወደ ሎኩ በር መሄዱን ይቀጥላል። ይህን ሞተር በጆሮአቸው እየሰሙ ስራ ላይ ያቆዩት የጀልባ ቤተሰቦች ዛሬ ላሉት መካኒኮች ሁሉ መሰረት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዛ በኋላ ሊስተር፣ ራስል ኒውበሪ፣ ጋርድነር የሚባሉት የናፍጣ ሞተሮች መጡ። በ1948 አብዛኞቹ ቦዮች በመንግስት ተወረሱ፣ በ1962 እና 1963 መሃል የነበረው ከባድ በረዶ የጭነት ስራውን ገደለው፣ የመዝናኛው ዘመን ከመኪና በመጣው ቢኤምሲ ሞተር ቀጠለ፣ አሁን ደግሞ በብዛት ያሉት በጃፓን ብሎኮች ላይ የተሰሩ ናቸው፣ ለምሳሌ ቤታ የሚባለው ሞተር የሚሰራው በጃፓኑ ኩቦታ ላይ ነው። አሮጌዎቹ ከአዲሶቹ ይበልጣሉ የሚሉ አሉ፣ በእድሜ ከሆነ ሊስተር ላይ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ብልሽቶቹ። ቁጥር አንዱ ፕሮፔለር ላይ የሚጠመጠም ቆሻሻ ነው፣ በተለይ ከተማ ውስጥ፣ ፌስታል፣ ገመድ፣ ልብስ፣ የፍራሽ ሽቦ ሳይቀር። ምልክቱ ግልፅ ነው፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ጀልባው ግን አይሄድም፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ ለአፍታ ወደ ኋላ ማርሽ ማስገባት ይፈታዋል። ካልሆነ ሞተር ይጠፋል፣ ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ይገባል (ይሄ የማይታለፍ ህግ ነው)፣ ከዛ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ዊድ ሃች የሚባለው ክዳን ይከፈትና እጅ ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ይገባል። የሚያስፈልገው ጥርስ ያለው ቢላ፣ ሰጌቶ፣ ፒንሳ እና ወፍራም ጓንት ነው። ልብስ ከሆነ እየቆረጡ በተጠመጠመበት ተቃራኒ ማዞር ነው፣ ሽቦ ከሆነ ግን እያንዳንዷ ክር ለብቻዋ መቆረጥ አለባት። ሲያልቅ ክዳኑ በደንብ ካልታሰረ ፕሮፔለሩ መዞር ሲጀምር ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ በዚህ ብቻ የሰመጡ ጀልባዎች አሉ።

ሙቀት ሁለተኛው ነው። ብዙዎቹ ናሮውቦቶች ራዲያተር የላቸውም፣ የሞተሩ ውሃ የሚቀዘቅዘው ስኪን ታንክ በሚባል፣ ከውስጥ በኩል ከጀልባው ብረት ጋር በተበየደ ጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ ሲያልፍ ነው፣ ቦዩ ራሱ ያቀዘቅዘዋል ማለት ነው። የተለመደው ስሌት የታንኩ ስፋት በስኩዌር ጫማ የሞተሩ የፈረስ ጉልበት ሩብ ይሁን ይላል፣ ስለዚህ 40 ፈረስ ጉልበት ላለው 10 ስኩዌር ጫማ ያስፈልጋል። ታንኩ ትንሽ ከሆነ ቦይ ላይ ችግሩ ላይታይ ይችላል፣ ምክንያቱም እዛ ሞተሩ ብዙም አይሰራም፣ ቴምስ ወይ ትሬንት ወንዝ ላይ ወጥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ያፈላል። ሌላው ምክንያት ታንኩ አናት ላይ የታሰረ አየር ነው፣ የማስተንፈሻ ብሎኑን ትንሽ ላላ ማድረግ ነው። ቺንጋውም ላልቶ ወይ ተበጥሶ ይሆናል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን የውሃ ክዳን አይከፈትም።

ናፍጣው ላይ የሚመጣው ችግር ቀስ ብሎ የሚገባ ነው። ጀልባው የብርዱን ወራት ግማሽ ሰርባቶዮ (የነዳጅ ጋን) ናፍጣ ይዞ ሲቆም የጋኑ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሰራል፣ ውሃው ከታች ይቀመጣል፣ በውሃውና በናፍጣው መሃል ደግሞ ጥቁር ንፍጥ የሚመስል ተህዋሲ ያድጋል። ባዮዲዝል የተቀላቀለበት ናፍጣ ውሃ ስለሚስብ ነገሩን ያባብሰዋል። የሚሸጡት መድሃኒቶች ይሰራሉ ይባላል፣ ሁሉም ሰው ግን አይስማማም፣ ሰርባቶዮን ሞልቶ ማሳደርና ውሃውን ከታች ማፍሰስ ግን ማንንም አያጣላም። ፊልትሮ ሲደፈን ሞተሩ እየተንቀራፈፈ ይሄድና ቀጥ ይላል። ከተቀየረ በኋላ አየር ካልወጣለት አይነሳም፣ ስለዚህ ሁለት ትርፍ ፊልትሮና የሚሆነውን ቁልፍ ሳይይዙ መውጣት አይገባም።

ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ መጀመሪያ የባትሪ ገመድ ይነካ። ነዳጅና ማርሽ የሚያዝዘው ሽቦ ከተበጠሰ ደግሞ ሞተሩ እየሰራ ጀልባው አይታዘዝም፣ እሱም ብዙ ጊዜ ይከሰታል።

ጀልባው ከቆመ በእንጨት ወደ ዳር ተገፍቶ ይታሰራል፣ ሎክ መግቢያና ጀልባ ማዞሪያ ላይ ግን አይታሰርም። እርዳታ ሲጠራ የቅርቡ ድልድይ ቁጥር ይነገራል፣ ድልድዮቹ ላይ ተፅፎ አለ። ወንዝ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፣ ፍሰቱ ጀልባውን ወደ ውሃ መከተሪያ ግድብ ሊወስደው ይችላል፣ ስለዚህ መልህቁ ወንዝ ከመግባት በፊት ከሰንሰለቱ ጋር ታስሮ ዝግጁ መሆን አለበት፣ ሳጥን ውስጥ የተቀበረ መልህቅ አያድንም።

ሪቨር ካናል ሬስኪው የሚባል ድርጅት አባላቱ ጋ መካኒክ ይልካል፣ የኪራይ ጀልባ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚደወለው ለአከራዩ ነው። ከዛ በፊት ግን የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍ ሌላ ጀልባ ነው፣ ቦይ ላይ ያለ ሰው ሲቸገር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። መጎተት አዲስ ነገር አይደለም፣ በጭነቱ ዘመን ባለሞተሩ ጀልባ ባቲ የሚባለውን ሞተር የሌለውን ይጎትት ነበር። የሚጎተተው ጀልባ የኋላ ማርሽ የለውም፣ ስለዚህ መሪው ላይ ሰው ይኑር፣ ጠባብ ሎክ ጋ ሲደረስ ገመዱ ይፈታና ጀልባዎቹ ተራ በተራ ይገባሉ፣ የሚጎተተው ፍጥነቱን የሚቀንሰው ዳር ያለው ምሰሶ ላይ ገመድ ጠምጥሞ ቀስ በቀስ በማላላት ነው።