ስቴንለስ አይዝግም ያለው ማነው? ከጣና ዳር ስለ ባሕር ውሃ ብረቶች

ጣና ዳር ተቀምጦ ስለ ባሕር ውሃ ማውራት ምን አመጣው የሚል አይጠፋም። ነገሩ ወዲህ ነው። ባሕር ዳር ተምረው ወይም ሙያ ለምደው ወደ ጅቡቲ፣ ሳዑዲና ኤምሬትስ የሚያቀኑ ልጆች አሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው የባሕር ውሃን ከጨው ለይቶ ለመጠጥ የሚያደርስ ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ስለ ብረት የሚያውቁት ግን ጣና ያስተማራቸውን ነው። ጣና ደግሞ ለብረት ደግ ነው። ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ ብዙ ስህተት ይሸፍናል። ቀይ ባሕር ምንም አይሸፍንም።

ከበያጆች፣ ከነጋዴዎችና ከኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ስቴንለስ አይዝግም»

ይዝጋል። ስቴንለስን ስቴንለስ ያሰኘው ክሮሚየም ነው፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ። ክሮሚየሙ ከአየር ወይም ከውሃ ኦክስጅን ወስዶ በብረቱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል። ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። የዚህ ሽፋን ጠላት ክሎራይድ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 35 ግራም ጨው አለ፤ ከዚህ 19 ግራም ያህሉ ክሎራይድ ነው። ቀይ ባሕር ላይ ጨው 40 ግራም ገደማ ይደርሳል። የጣናው ክሎራይድ ግን በሚሊግራም ነው የሚለካው።

የባሰው ደግሞ አበላሉ ነው። ተራ ብረት ሲዝግ ገጹ በሙሉ ይቀላል፤ ታያላችሁ፣ ትደርሱበታላችሁ። ስቴንለስ በነጥብ ነው የሚበላው። ከላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል፣ ሻይ የፈሰሰባት የመሰለች ነጥብ ትታያለች። በጨርቅ ሲጠርጓት ትለቃለች፤ «ቆሻሻ ነው» ተብላ ትታለፋለች። ከሥሯ ግን ጉድጓዱ ሰፍቶ ቧንቧውን ሊበሳ ተቃርቧል።

«ማግኔት ካልያዘው ኦሪጅናል ነው፤ ከያዘው ፎርጅድ ነው»

ይኼኛው ሥር የሰደደ ነው። ሱቅ ውስጥ ማግኔት ከኪስ ይወጣና ላሜራው ላይ ይለጠፋል። ካልያዘ ዋጋው ይጨምራል። 304 እና 316 በሚል ቁጥር የሚጠሩትን የስቴንለስ ዓይነቶች ማግኔት አይይዛቸውም፣ ልክ ነው። ነገር ግን በኒኬል ፈንታ ማንጋኒዝ የበዛበት ርካሹ 201ም አይያዝም። ስለዚህ ሦስቱን በማግኔት መለየት ዘበት ነው። ጭራሽ 304 ራሱ ሲታጠፍ ወይም ሲደበደብ ትንሽ ትንሽ መሳብ ይጀምራል። ቤታችሁ የስቴንለስ ዕቃ ማጠቢያ ካለ ሞክሩት። ጠፍጣፋው ላይ የሚንሸራተት ማግኔት ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ያዝ ሊያደርግ ይችላል። ብረቱ ያው አንድ ብረት ነው።

ጉዱ ያለው ግን እዚህ ጋ ነው። የባሕር ውሃ በከፍተኛ ግፊት ለሚያልፍበት ፓምፕና ቧንቧ ተመራጮቹ ዱፕሌክስና ሱፐር ዱፕሌክስ የሚባሉት የስቴንለስ ዓይነቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጣዊ አካል ግማሽ ያህሉ ማግኔት የሚስብ ነው። ማግኔቱ ጥርቅም አድርጎ ይይዛቸዋል። በኪስ ማግኔት የሚፈትን ሰው ምርጡን «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይመልስና 201ን ያስገባል ማለት ነው! የሚያዋጣው የአምራቹን የቅይጥ ምስክር ወረቀት መጠየቅ፣ ከዚያ ቧንቧው ላይ ከታተመው ቁጥር ጋር ማመሳከር ነው። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያም አለ፤ ቁራጩ ላይ ሲያስጠጉት በሰከንዶች ውስጥ ቅይጡን ይናገራል።

«316 የባሕር ብረት ነው»

ካታሎጎቹ ራሳቸው እንዲህ ስለሚሉ ሰው አይፈረድበትም። ዝናብ የሚያጥበው የጀልባ መደገፊያ ከሆነ እሺ፣ ያስኬዳል። ቀንና ሌሊት የባሕር ውሃ ለሚሞላው ቧንቧ ግን አቅሙ አይደለም።

ስቴንለሱ ክሎራይድን ምን ያህል እንደሚችል የሚገመትበት ቀላል ሂሳብ አለ፤ ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ይበልጥ ይችላል። የክሮሚየሙን መቶኛ ያዙ። ሞሊብዲነሙን በ3.3፣ ናይትሮጅኑን በ16 አባዙና ደምሩበት። 304 ወደ 19 ይመጣል፣ 316 ወደ 24፣ 2205 የሚባለው ዱፕሌክስ ወደ 35፣ 2507 ሱፐር ዱፕሌክስ ደግሞ ከ40 በላይ። ለባሕር ውሃ ከፍተኛ ግፊት ቧንቧ በተለምዶ የሚጠየቀው ከ40 በላይ ነው። ንጹሑ ውሃ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ውሃ ደግሞ ጨዉ ከገባው ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ይብስበታል።

ቀድሞ የሚበላውም ክፍቱ ቦታ አይደለም። ሁለት ቧንቧ ሲጋጠም የሚገባው የጎማ ቀለበት ሥር ነው። እዚያ ኦክስጅን ስለማይደርስ ሽፋኑ ራሱን መጠገን አይችልም፤ ክሎራይድ ግን ይከማቻል። መጋጠሚያውን ፈትቶ ጎማውን ያነሳ ሰው፣ ቀለበቱ የተኛበትን ዙሪያ ተከትሎ የተቦረቦረ ብረት ያገኛል። ከውጭ ሲታይ ቧንቧው እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

«ብየዳው ካማረ ይበቃል»

የባሕር ዳር በያጅ በእጁ አይታማም። ግን ከብየዳው ግራና ቀኝ የሚቀረው ቢጫ፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ጌጥ አይደለም። ሙቀት ሽፋኑን እንዳበላሸው ምልክት ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ክሮሚየሙ ቀንሷል። ለአጥር በር ችግር የለውም። ለባሕር ውሃ ግን ቀለሙ በአሲድ ካልተነሳ ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል። ተራ ብረት የተፈተገበትን የሽቦ ብሩሽ ስቴንለስ ላይ መድገምም ያው ነው፤ የብረት ብናኝ ተክሎ ይሄዳል።

«ገንዘብ ካለ ሁሉንም በቲታኒየም»

ቲታኒየም በባሕር ውሃ ውስጥ ድንቅ ነው። ችግሩ ጎረቤቱ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ብረት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲነካካ ባትሪ ይሆናል፤ ደካማው እየተበላ ጠንካራው ይተርፋል። የቲታኒየም ቱቦ በመዳብ ቅይጥ ሳህን ላይ ከተሰካ ሳህኑ ይበላል። ትልቅ የስቴንለስ ፍላንጅ (የቧንቧ ማጋጠሚያ ቀለበት) በተራ ብረት ብሎን ከታሰረ ብሎኑ ቶሎ ያልቃል። ተገላቢጦሹ፣ ማለትም ሰፊ ተራ ብረት ላይ ትንሽ የስቴንለስ ብሎን፣ ያን ያህል አይከፋም። ወሳኙ የሁለቱ ስፋት ነው።

«ፕላስቲክ መናኛ ነው»

አይደለም። ውሃውን ከባሕር ለሚስቡት ትልልቅ ቱቦዎች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ፖሊኢትሊን ነው፤ የቤታችን ሮቶ የሚሠራበት ዘር። ጨውን ከውሃ የሚለየውን ስስ ማጣሪያ (ሜምብሬን) አቅፎ ወደ 70 ባር ግፊት የሚችለው ሲሊንደር እንኳ ፋይበርግላስ ነው። ክሎራይድ ምንም አያደርጋቸውም።

«ማሽኑ ሲቆም ያርፋል»

የባሕር ውሃ ይዞ ከቆመ አያርፍም። ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይመናመናል፣ ዝቃጭ ይቀመጣል፣ ባክቴሪያ ብረቱ ላይ ይሰፍራል። ለግፊት ሙከራ በባሕር ውሃ ተሞልቶ ሳይደፋ የቆየ አዲስ ቧንቧ ሥራ ሳይጀምር ሊበሳ ይችላል። ከቆመ ጨው በሌለው ውሃ ይታጠብ፤ ለሙከራውም ከተቻለ እሱኑ ተጠቀሙ።

«እንግዲያው ለጣናም ሱፐር ዱፕሌክስ»

ይህን የሚሉት ውጭ ሠርተው የተመለሱት ናቸው። ብር ማባከን ነው። ከጣና ለመስኖ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ዋና ጠላቱ ደለል ነው። ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ይዘውት የሚመጡት ጭቃ የፓምፑን ተሽከርካሪ ክፍል ይፈትገዋል። ለእሱ መምጠጫው ላይ ጥሩ ማጥለያ መግጠምና አፉን ከወለሉ ከፍ ማድረግ ይበልጥ ይጠቅማል።

«የተጣራው ውሃ ምንም አይነካም»

ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ካገኘው ነገር ማዕድን መልሶ ይወስዳል። ሲሚንቶውንም ብረቱንም ይበላል። ጣቢያዎቹ ውሃውን ወደ ከተማ ከመልቀቃቸው በፊት በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚያሳልፉት ወይም ኖራ የሚጨምሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባሕር ዳር ውስጥም ላቦራቶሪ ያለውን ሁሉ ይመለከታል። ከዲስቲለር (ውሃን አትንኖ ከሚያጣራ መሣሪያ) የወጣ ውሃ በጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ በተቀባ፣ ቧንቧ ካለፈ ዚንክ ይዞ ነው የሚደርሰው፤ በፕላስቲክ ቱቦ ውሰዱት።