የአይል ሮያል ተኩላዎችና የዘመዳሞች ርቢ

አይል ሮያል በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ባለው ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ የሚገኝ ደሴት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክም ነው። ተኩላ የገባበት በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር)፤ ሐይቁ በረዶ ሲሠራ በላዩ ተሻግሮ። በኋላ የተደረገ የዘር ምርመራ ሁሉም ከአንዲት እንስት የወረዱ መሆናቸውን አሳየ። በ1980 ቁጥራቸው 50 ደረሰ፤ ፓርቮ የተባለው የውሻ በሽታ ገብቶ በሁለት ዓመት 14 ብቻ አስቀረ።

እንስሳ እያንዳንዱን ጂን በጥንድ ይይዛል፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። ድብቅ ጎጂ ጂን ጉዳት የሚያደርሰው ከሁለቱም ወገን ሲወረስ ነው። ወላጆቹ ዘመዳሞች ከሆኑ ያው የአያት ጂን በሁለት መንገድ መጥቶ አንድ ልጅ ላይ ይገናኛል፤ ወንድምና እህት ሲዳቀሉ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። በየትውልዱ የሚጠፋው የዘር ብዝኃነት የሚወሰነውም በሚወልዱት ብዛት ነው፦ 50 ቢሆኑ 1 በመቶ፣ 4 ቢሆኑ 12.5 በመቶ። ስለዚህ የእንስሳቱ ጠቅላላ ቁጥር ያታልላል፤ በአንድ የተኩላ ቡድን ውስጥ የሚወልዱት አብዛኛውን ጊዜ አውራው ጥንድ ብቻ ናቸውና።

የደሴቲቱ ተኩላዎች አፅም ሲመረመር 58 በመቶው ከተፈጥሮው የተዛባ የአከርካሪ አጥንት ተገኘበት።

በ1997 አንድ ወንድ ከዋናው ምድር በበረዶ ተሻግሮ መጣ። ጠንካራ ስለነበር 34 ቡችሎች ወለደ፤ የነባሮቹ የዘር ሐረግ ግን በእሱ ዘር ተዋጠ። ከሦስት ትውልድ ባነሰ ጊዜ ዘመዱ ያልሆነ ተኩላ አልተገኘም፤ እሱ ራሱም ከልጁ ጋር ተዳቀለ። ከትልቅ መንጋ የሚመጣ እንስሳ አዲስ ደም ብቻ ሳይሆን በብዛት መሐል ተሸፍነው የኖሩ ጎጂ ጂኖችንም ይዞ ይመጣል፤ የእሱ ዘሮች እርስ በርስ ሲዳቀሉ እነዚያ ገሃድ ወጡ። አንድ እንግዳ ብቻውን መድኃኒት ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው።

በ2016 የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ ወንዱ የእንስቷ አባት ሲሆን በእናት ደግሞ ወንድሟ ነው። የቀደመውን ዝምድና ሳንቆጥር እንኳ የእነዚህ ጥንድ ልጅ ያንኑ ጂን በሁለት መንገድ የመውረስ ዕድሉ 37.5 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አብሯቸው የታየው ቡችላ ጅራቱ የተበላሸ፣ ጀርባው የጎበጠ ነበር። አዳኝ በጠፋበት ደሴት ሙስ የተባለው ግዙፍ አጋዘን በ2019 ከ2,000 በላይ ሆነ፤ ደኑንም ጋጠው።

የፓርኩ አገልግሎት ከ2018 እስከ 2019 ድረስ 19 ተኩላዎች አጓጓዘ፤ ዝምድናቸው የራቀ እንዲሆን ከሚኒሶታ፣ ከሚሺገንና ከኦንታሪዮ ተለቅመው። ድሮ ይህን ሥራ በረዶው ራሱ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር የሚረጋበት ዓመት ጥቂት ነው።