ቅባት ማስለቀቂያና አሮጌ የስፖርት መኪና በአዲስ አበባ መሃል

ቅባት ማስለቀቂያ በሞተር፣ በማርሽ ሳጥን፣ በፍሬንና በቸርኬ ላይ የተጋገረውን ዘይት፣ ግራሶና አቧራ ከብረቱ አላቅቆ የሚያወርድ ፈሳሽ ወይም ዱቄት ነው። ሥራውን የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንና አኳራጅ ቅባቱን በራሳቸው ውስጥ ያሟሙታል፤ ሳሙናና መሰሎቹ ደግሞ ቅባትን ከውኃ ጋር አስታርቀው አብረው ይዘውት ይወርዳሉ። ለጭነት መኪና የትኛውም ቢመረጥ ጉዳቱ ብዙ አይደለም፤ ብረቱ ወፍራም፣ ቀለሙም ብዙ የማይታዘንለት ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የስፖርት መኪና ግን ክብደት እንዲቀንስ ሲባል አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየም፣ ዚንክ፣ ክሮም፣ ጎማና ቆዳ ተቀራርበው የተገጣጠሙበት ስለሆነ፣ አንዱን ያጸዳ ፈሳሽ ጎረቤቱን ሊበላ ይችላል።

የአዲስ አበባ ጋራዥ አብዛኛውን ቃሉን ከጣሊያንኛ ወስዷል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን)፣ ካርቡራቶሬ፣ ክሩስኮት፣ ፓራውልት፣ ላቫጆ የሚሉት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ከቃሉ ጋር የመጣው የእጥበት ልማድም እስካሁን አለ፦ ናፍጣ በተቆረጠ ጀሪካን፣ ብሩሽ፣ ከዚያ ዱቄት ሳሙና፣ በመጨረሻም የውኃ ጎማ። ልማዱ ለፊያት 600 ታክሲና ለላዳ ተስማምቶ ኖሯል። ለዛሬው የአሮጌ መኪና ባለቤት ግን ስሌቱ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳና በኋላም የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ብዙ ክፍል ፈርሷል። መርካቶ ሶማሌ ተራ አሁንም የአሮጌ መለዋወጫ ዋና መገኛ ቢሆንም፣ የአልፋ ሮሜዮ ቴስታታ እንደ ቶዮታ ፍሬን ሸራ በየሱቁ አይደረደርም። በእጥበት የተበላ ዕቃ የሚተካው ከውጭ ተፈልጎ፣ ብዙ ጊዜም ከዕቃው ዋጋ በሚበልጥ ወጪ ነው።

የምርጫው ዋና መለኪያ ፒ ኤች የሚባለው ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 14 ይደርሳል፤ 7 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከሚቀጥለው በአሥር እጥፍ ስለሚለይ በ9 እና በ12 መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሳይሆን ሺህ እጥፍ ነው። የእጅና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሰው በጅምላ ላርጎ የሚለው፣ ከመካከለኛው ብዙ አይርቅም። የልብስ ዱቄት ሳሙና ወደ 10 ይጠጋል፣ ያልፈዋልም። በኮስቲክ ሶዳ የተሠራ የሞተር ማጠቢያ 13 ሊደርስ ይችላል።

አሉሚኒየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ራሱን በስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይሸፍናል። ይህ ሽፋን ፒ ኤቹ ከ4 እስከ 8.5 ገደማ ባለው ክልል ይጸናል፤ ከዚያ ሲያልፍ ይሟሟል። ኮስቲክ ሶዳ ሲያገኘው አረፋ እየደፈቀ ሃይድሮጂን ጋዝ ይለቃል፣ ላዩም ይጠቁራል። ማግኒዚየም ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጠንካራ አልካሊን ይችላል፣ አሲድ ግን በፍጥነት ይበላዋል። ነገሩ የሚከብደው ሁለቱ በአንድ ሞተር ላይ ሲገናኙ ነው። ከተማችን የምታውቀው ቮልስዋገን፣ ወንድሙ የሆነው ባለ ሁለት በር ካርማን ጊያም ጭምር፣ የሞተሩ ዋና አካል የማግኒዚየም ቅይጥ፣ ቴስታታው ደግሞ አሉሚኒየም ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ የፖርሸ 911 ሞተሮችም እንዲሁ ናቸው። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ጠንካራው አሲድ አንዱን፣ ጠንካራው አልካሊ ሌላውን ስለሚጎዳ የሚቀረው መካከለኛው ብቻ ነው። የአልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ሞተር ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው። ፊያት 124 ስፓይደር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። እንግዲህ ሻጩን «የቱ ይበረታል?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ብረት መለየት ይቀድማል። ማግኔት ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው።

ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ካልተጻፈ፣ ከጀሪካን ተቀድቶ በውኃ ፕላስቲክ የሚሸጠው ላይ ደግሞ ምንም አይጻፍም፣ በቤት የሚሠራ መመርመሪያ አለ። ሐምራዊ ጥቅል ጎመን ከትፎ ማፍላትና ውኃውን አቀዝቅዞ በማኪያቶ ብርጭቆ ማስቀመጥ ነው። ጥቂት አቼቶ ሲነካው ይቀላል። ላርጎ ጠብ ሲልበት ሐምራዊነቱ ብዙም አይለቅም፣ ወይም ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዱቄት ሳሙና አረንጓዴ ያደርገዋል። ወደ ቢጫ ከወሰደው በውስጡ ጠንካራ አልካሊ አለ፤ ያ ፈሳሽ ወደ አሉሚኒየም መቅረብ የለበትም። ሻጮች «ለስላሳ ነው» እያሉ የሚሰጡት ሁሉ በዚህ ብርጭቆ ፊት ለስላሳ ሆኖ አይገኝም።

ስለ ናፍጣ አንድ ነገር ፍትሕ ለማድረግ ያህል መባል አለበት። ብረትንም አሉሚኒየምንም ማግኒዚየምንም አይበላም፤ ከብረት አንጻር ከብዙ ውድ ጠርሙሶች ይልቅ የዋህ ነው። ለተፈታ የማርሽ ሳጥን ክዳን ወይም ለሞተር ሥረኛ ክፍል መካኒኮቻችን ናፍጣን መምረጣቸው አላዋቂነት አይደለም። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፤ ላዩ ላይ የሚተወው ስስ ቅባትም የበጋውን አቧራ ይሰበስባል፣ ስለዚህ በፈሳሽ ሳሙና ካልተከተሉት በሳምንቱ ሞተሩ ከበፊቱ ብሶ ይገኛል። ቤንዚን ግን በምንም ምክንያት ማጠቢያ ሊሆን አይገባም። ናፍጣ ለእሳት የሚበቃ ተን የሚሰጠው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ፣ ነጭ ጋዝ ከ38 ገደማ ጀምሮ ሲሆን፣ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይተናል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ በማዶ የሚሠራ ብየዳ ጋ ይደርሳል። በውስጡ ያለው ቤንዚንም ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው፤ እዚህ ላይ ኬሚስቶች ቤንዚን የሚሉት ቅመም ማደያው ከሚሸጠው ነዳጅ ጋር በስም ቢገናኝም፣ የነዳጁ አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ካርቡራቶሬ የራሱ ጸባይ አለው። ዌበርም ይሁን ሶሌክስ፣ አካሉ ከአሉሚኒየም ወይም ከዚንክ ቅይጥ የተጣለ ነው። ጥሩ ባለሙያ ሲሠራ ማየት ያስደስታል። ጋዜጣ ያነጥፋል፣ ጂግለሮቹን (ነዳጅ እየለኩ የሚያሳልፉትን ባለ ቀዳዳ ብሎኖች) እንደ አፈታታቸው በመስመር ይደረድራል፣ ተንሳፋፊውን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ይነቀንቃል፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቋቋ ተበስቷል ማለት ነው። አካሉን በነጭ ጋዝ በለስላሳ ብሩሽ ያጥባል፣ ቀዳዳዎቹን በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል እንጂ በሽቦ አይጎረጉርም፤ የጂግለር ቀዳዳ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ስለሆነ ሽቦ ያሰፋዋል። ላስቲኮቹንና ጓርኒሲዮኖቹን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያዎቹን) ከማጠቢያው አርቆ ያስቀምጣል። ካርቡራቶሬን በአሲድ ዘፍዝፎ ማደር ግን እንደ አዲስ አብርቶ በወሩ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ይሰጣል።

ፍሬን ላይ ናፍጣም፣ ነጭ ጋዝም፣ ቤንዚንም አይደርሱም። በፍሬን ዘይት ውስጥ የሚሠሩት ላስቲኮች የማዕድን ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ያበጠ ላስቲክ ፍሬኑን ይዞ ያስቀራል ወይም ያፈስሳል። የሚፈቀደው ንጹሕ አልኮል ወይም ለፍሬን ተብሎ የተሠራ ርጭት ነው። ከርጭቶቹ ክሎሪን ያለባቸውን መለየት ያስፈልጋል፤ ቅሪታቸው ላይ ብየዳ ቢነሳ ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ሊፈጠር ይችላል። የአሮጌ መኪና ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ስለሚኖርበት ከበሮውን በኮምፕሬሰር መንፋት ሳንባን መውጋት ነው፤ በሳሙና ውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግና ጨርቁን በፌስታል አስሮ መጣል ይሻላል። የፍሬን ዘይቱ ራሱም ቀለም ይልጣል፤ ከተንጠባጠበ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠባል።

የቀለሙ ነገር በዕድሜው ይወሰናል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቀቡ መኪኖች አብዛኛዎቹ ላያቸው ላይ ግልጽ ቫርኒሽ የላቸውም። የተደበቀ ጥግ በነጭ ጨርቅና በጥቂት ፖሊሽ ሲታሽ የመኪናው ቀለም ጨርቁ ላይ ከወጣ ቫርኒሽ የለውም ማለት ነው። ቀለሙ ናይትሮ (ናይትሮሴሉሎስ የሚባለው የድሮ ቀለም) ከሆነ ቲነርና አሴቶን ጨርሰው ያሟሙታል። የመስኮት ዙሪያው ቀጭን የአሉሚኒየም ጌጥ ደግሞ በኤሌክትሪክ የተሰጠው የኦክሳይድ ሽፋን አለው። የኔን የበላብኝ አንድ ላቫጆ ነው፤ ስሙ ይቆይ። ለቸርኬ ያዘጋጁትን ነጭ ፈሳሽ ሙሉ መኪናው ላይ ረጩት፣ እኔ ማኪያቶዬን ጨርሼ ስመለስ የመስኮቱ ጌጥ እንደ ወተት ነጥቷል። ያ ንጣት በፖሊሽ አይለቅም፤ ሽፋኑ ራሱ ሄዷል። በረኪናም የሚያስከትለው ከዚህ አያንስም፤ ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለም የክሎሪን ጋዝ ይለቃል። የቆዳ ወንበር በአሲድ የተለፋ ስለሆነ አልካሊ ሳሙና ያደርቀዋል፣ እርጥብ ጨርቅና ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል።

ለስላሳ ሳሙና ሲባል እንዶድን አለማንሳት ይከብዳል። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያጠቡበት ፍሬ አረፋውን የሚያገኘው ሳፖኒን ከሚባል ተፈጥሯዊ ቅመም ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ እንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ቀንድ አውጣዎቹ በሽታውን የሚያስተላልፉ ናቸውና፣ የቢልሃርዝያ መከላከያነቱን የደረሱበት ይኸው ነው። ሞተር ላይ ለተጋገረ ግራሶ ኃይሉ አይበቃም። «ከተፈጥሮ የተገኘ» ማለት ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነ ግን እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ይመሰክራሉ። ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣው ማስለቀቂያም ሽታው ደስ ቢልም ጎማና ፕላስቲክን የሚያለሰልስ፣ እሳትም የሚይዝ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይዋ ፈሳሽን ቶሎ ያደርቃል፤ የደረቀ ማስለቀቂያ ደግሞ እንደ ማኅተም ዙሪያውን ጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ጠዋት፣ በጥላ፣ ሞተሩ ሲበርድ ይሠራል። የባትሪው አሉታዊ ገመድ ይፈታል፤ ስፒንትሮጅኑ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው)፣ ዲናሞውና የካርቡራቶሬው አፍ በፌስታል ይታሰራሉ። አንድ እጅ ፈሳሽ ሳሙና ለአሥር እጅ ለብ ያለ ውኃ ለመጀመሪያ ሙከራ በቂ ነው፤ የማይታይ ቦታ ላይ ተሞክሮ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። የላቫጆው ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ ከሞተር ክፍል ይራቅ፤ ቅባት ከማስወጣት ይልቅ ውኃን ወደ ኤሌክትሪክ መስመርና ወደ ላስቲኮች ጀርባ ያስገባል።

የተረፈው ቆሻሻ ውኃ መሄጃው ይታወቃል። ከመሃል ከተማው ቦይ የሚገባው ወደ ቀበና፣ ወደ ግንፍሌና ወደ ባንተይቀጡ፣ ከዚያም በአቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ በመንገዱም የጎመንና የሰላጣ ማሳ ይጠጣዋል። ያገለገለ ናፍጣ በተከደነ ጀሪካን ለጥቂት ቀናት ቢቀመጥ ዝቃጩ ከታች ይተኛል፣ ላዩ ተቀድቶ ለሚቀጥለው እጥበት ይውላል። ዝቃጩን በመጋዝ ዱቄት አስምጦ ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር ለሚሰበስቡት መስጠት ይቻላል፤ የኔ መካኒክ ጀሪካኑ ላይ «አይደፋም» ብሎ በቀይ ቀለም ጽፎበታል።