የጂፕሰም ቦርድን ጠርዝ ሳይጎዱ ከግድግዳ ቋሚዎች ጋር ማያያዝ

ጂፕሰም ቦርድ በውኃ ተቦክቶ የጠጠረ ጂፕሰም በሁለት ጠንካራ ወረቀቶች መካከል ተይዞ የሚሠራ ሰሌዳ ሲሆን፣ በእንጨት ወይም በቆርቆሮ ቋሚዎች ላይ በብሎን እየታሰረ የውስጥ ግድግዳን ለማልበስ ያገለግላል። ለዛሬው ቦርድ መነሻ የሆነው፣ ጂፕሰምና ወረቀት የተነባበሩበት ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1894 በአሜሪካ የኦገስቲን ሳኬት ፈጠራ ሆኖ ተመዝግቧል። ቦርዱን ማሰር ከውጭ ለሚያይ ቀላል ይመስላል፤ ሥራው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ላይ ነው።

ምክንያቱ የቦርዱ አሠራር ነው። መካከል ያለው ጂፕሰም ግፊትን ይችላል፤ ሲሳብና ሲጎብጥ ግን ይፈረፈራል፤ ብሎኑን ይዞ የሚያስቀረውም በዋናነት የፊቱ ወረቀት ነው። በረጅሙ ጎን ወረቀቱ ጠርዙን ዞሮ ስለሚሸፍነው ብሎኑ ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ቢመታ ይበቃል። በአጭሩ ጎንና በመጋዝ ወይም በቢላ በተቆረጠ ጠርዝ ግን ጂፕሰሙ ራቁቱን ስለሆነ ርቀቱ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ከፍ ሊል ይገባል።

ይህ ልክ የሚፈትነው ሁለት ቦርዶች በአንድ ቋሚ ላይ ሲገናኙ ነው። ቋሚው 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት ከሆነ ለእያንዳንዱ ቦርድ የሚደርሰው 19 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር የራቀ ብሎን ከእንጨቱ ዳር 9 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። ሠራተኛው እንጨቱን እንዳይስት በመስጋት ብሎኑን ወደ መካከል ያጋድለዋል፤ ያን ጊዜ የብሎኑ ራስ በአንድ ወገን ወረቀቱን ይቆርጣል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከፍ ብሎ ይቀራል። ብሎን ምንጊዜም ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። ስለዚህ የቋሚዎቹን መካከል ቦርዱ ከመሸፈኑ በፊት ወለሉና ኮርኒሱ ላይ ማመልከት፣ መገጣጠሚያው ከቋሚው መካከል ከወጣም አጠገቡ ተጨማሪ እንጨት መምታት ይሻላል። ይህ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ነገር ግን የተፈረፈረ ጠርዝን ከመጠገን እጅግ ያነሰ ድካም ነው።

በቆርቆሮ ቋሚ ላይ ደግሞ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። የዚህ ቋሚ አንዱ ጎን ክፍት ስለሆነ ከንፈሩ፣ ማለትም ቦርዱ የሚታሰርበት ፊት፣ በብሎን ግፊት ይታጠፋል። የመጀመሪያው ቦርድ ጠርዝ በክፍቱ በኩል ቀድሞ ከታሰረ ከንፈሩ ይጸናና ሁለተኛው ቦርድ በጠንካራው ጀርባ በኩል እኩል ሆኖ ይገጥማል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን ሁለቱ ጠርዞች እኩል አይሆኑም።

ለ12.5 ሚሊ ሜትር ቦርድ በቆርቆሮ ላይ 25 ሚሊ ሜትር፣ በእንጨት ላይ 32 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ብሎን የተለመደ ነው፤ ለእንጨት ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ ለቆርቆሮ ደግሞ የተቀራረበ ይመረጣል። የብሎኑ ራስ እንደ መለከት አፍ ቀስ በቀስ የሚሰፋው ወረቀቱን ሳይቆርጥ እየተጫነ እንዲገባ ነው። ትክክለኛው ጥልቀት የብሎኑ ራስ ከቦርዱ ፊት በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ወረቀቱ ሳይቀደድ ሲቀር ነው። ከተቀደደ ብሎኑ ያዘ ማለት አይቻልም፤ እሱን ነቅሎ፣ ከቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሌላ ማሰር ይገባል። ጥልቀቱን የሚገድብ የድሪል ጫፍ መጠቀም በተለይ ጠርዝ ላይ ትልቅ ዋስትና ነው።

ብሎን ማሰር ከቦርዱ መካከል ተጀምሮ ወደ ጠርዞቹ ይቀጥላል፤ ሲታሰርም ቦርዱ በእጅ ከቋሚው ጋር ተጠግቶ መያዝ አለበት። ክፍተቱን ብሎኑ ስቦ እንዲዘጋው ከተተወ የብሎኑ ራስ ወረቀቱን በስቶ ይገባል። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ቦርዶች እንዲነካኩ ያህል እንጂ ተገፍተው አይገጠሙም፤ የታችኛው ጠርዝም እርጥበት እንዳይስብ ከወለሉ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በግድግዳ ላይ በብሎኖች መካከል የሚተወው ርቀት እንደ አምራቹ መመሪያ ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ እሳትን ለመቋቋም ተፈትኖ በጸደቀ ግድግዳ ግን በፈተናው የተያዘው ርቀት ሳይለወጥ ይጠበቃል።

ጠርዙ ይህ ሁሉ ተደርጎም ከተጎዳ፣ የላላው ወረቀት በስለታም ቢላ ተቆርጦ የተፈረፈረው ጂፕሰም ይነሳል፤ ባዶው ቦታ በስቱኮ ተሞልቶ በደንብ ከደረቀ በኋላ የመገጣጠሚያው ቴፕ ይለጠፍበታል።