«ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች»፦ ከኩል እስከ ሜታኖል

«ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚባለው ደህና የነበረውን ነገር አሳምራለሁ ሲል ጨርሶ ለሚያበላሽ ሰው ነው። ደህና የሚሠራ ሬዲዮ ላጽዳ ብሎ ፈትቶ መልሶ መግጠም ላቃተው ሰው ከዚህ የሚስማማ አባባል አይገኝም። ተረቱ ማጌጥን አይነቅፍም፤ የሚነቅፈው ስስ ነገር ላይ እጅ ማብዛትን ነው። ኩል ሲዘጋጅ ላየ ሰው ምሳሌው ግልጽ ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ እስከማይሻክር ድረስ ካልላመ አንዲት ቅንጣት ብቻዋን ዓይን ትቧጭራለች።

ይህ ልምነት ነው ቃሉን ሩቅ የወሰደው። ዓረቦች ኩልን «ኩሕል» ይላሉ፤ «አል» ሲቀድመው «አልኩሕል» ይሆናል። ቃሉ በመካከለኛው ዘመን ወደ ላቲን ከገባ በኋላ እጅግ ለላመ ዱቄት ሁሉ መጠሪያ ሆነ፣ ከዚያም የአንድን ነገር ረቂቅና ምርጥ ክፍል ወደ ማመልከት ተሻገረ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመንም ሐኪሙ ፓራሴልሰስ ከወይን ጠጅ በእሳት ተጣርቶ የሚወጣውን ፈሳሽ «የወይን አልኮል» አለው። ኋላ «የወይን» የሚለው ቀርቶ «አልኮል» ብቻውን ቆመ። (የእኛ «አረቄ» ደግሞ በዓረብኛ «ላብ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ከቱቦው ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል ላየው ሰው ስያሜው አይገርምም።)

በ1892 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡ ኬሚስቶች የአልኮል ቤተሰብ ውህዶች ስም በ«ኦል» እንዲያበቃ ወሰኑ፤ ኢታኖል (በመጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል) እና ሜታኖል (መርዛማ ዘመዱ) የ«አልኮል»ን ጭራ ይዘው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። የ«ሜታኖል» መነሻ የሆነውን «ሜቲሌን» የሚል ስም በ1834 ያወጡት ፈረንሳውያኑ ኬሚስቶች ዱማ እና ፔሊጎ ሲሆኑ፣ ፈሳሹ ከእንጨት ስለሚገኝ በግሪክኛ የወይን ጠጅንና የእንጨትን ስም አጣምረውበታል።

ሜታኖልን የጠጣ ሰው ጉበቱ ፈሳሹን ደረጃ በደረጃ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል። ይህ አሲድ ቀድሞ ጉንዳን በማፍላት ይገኝ ስለነበር ስሙን ያገኘው ከላቲኑ የጉንዳን መጠሪያ ነው። በደም ውስጥ ሲጠራቀም በተለይ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ ከሞት የተረፈውም ዓይነ ስውር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ተረቱን የፈጠሩ ሰዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ሆኖም ስሙ በ«ኩል» ጭራ የሚያበቃው ይህ ፈሳሽ እውነትም ዓይን ያጠፋል።