«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ የታቀፈውና ያልታቀፈው

ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት ችኩሉን ለማብረድ፣ ታገሥ፣ ጊዜ ሁሉን ያመጣል ለማለት ነው። ምንጩን ላጤነ ግን ነገሩ ከመጠበቅ ይልቅ ለሥራ ይቀርባል። አባባሉ ዶሮ ከሚረባበት ቤት የወጣ ነው። እናት ዶሮ ጭድ በተጎዘጎዘበት ቅርጫት ውስጥ ሃያ አንድ ቀን ያህል እንቁላሎቿን ትታቀፋለች፤ በመንቁሯ እያገላበጠች ታሞቃቸዋለች፤ ለእህልና ለውሃ ብድግ ብትል እንኳ ሳይቀዘቅዙ ትመለሳለች። ከክንፏ ሥር ያፈተለከውን እንቁላል ባለቤቲቱ አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ወዝወዝ ስታደርገው ይንቦጫቦጫል፤ ገምቷል። የገማውም ሆነ የተፈለፈለው እኩል ቀን ቆይተዋል።

ይህን ልዩነት በሃያኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ከኖረ ተራ ሰው ዕድሜ ጋር ማስተያየት ይቻላል። በ1901 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አላባማ ውስጥ የተወለደች፣ በሰው ቤት ምግብ እያበሰለችና ልብስ እያጠበች የምትተዳደር አንዲት ጥቁር ሴት እናስብ። በዚያው ዓመት የጸደቀው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ሊመርጥ የሚሻን ሰው በየዓመቱ 1.50 ዶላር የምርጫ ግብር ያስከፍል ነበር፤ ያልተከፈለውም እየተጠራቀመ እስከ 36 ዶላር ይደርሳል። በ1920 የአገሪቱ ሴቶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ 19 ዓመቷ ነው፤ ለመምረጫው ዕድሜ፣ ለ21 ዓመት፣ ስትደርስም ግብሩ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የ1935ቱ የጡረታ ሕግም የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ስላላካተተ አለፋት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠብቂ የሚላት አልጠፋም። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ፣ ይህ «ጠብቁ» የሚሉት ቃል አብዛኛውን ጊዜ «በፍጹም አይሆንም» ማለት ሆኖ መኖሩን ያስረዳው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንቁላሉ የታቀፈው በአላባማዋ ከተማ በሞንትጎመሪ ላይ ነው። በከተማዋ አውቶቡስ ጥቁር ተሳፋሪ 10 ሳንቲሙን በፊት በር ከፍሎ ብዙ ጊዜ ይወርድና በኋላ በር እንዲገባ ይታዘዝ ነበር፤ ዞሮ ሳይደርስ ሾፌሩ ጥሎት የሚሄድበት ጊዜም ነበር። ለነጮች የተያዙት የፊተኞቹ 10 መቀመጫዎች ባዶ ቢሆኑም አይነኩም። መቀመጫዬን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ያለችው ጥቁር ሴት ሮዛ ፓርክስ ከተያዘች ከአራት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1955፣ ሕዝቡ አውቶቡሱን ተወ፤ 381 ቀንም ሳይሳፈር ቆየ። የአድማውን ሸክም በብዛት የተሸከሙት እንደ እኛዋ ሴት ያሉ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ከፊሎቹ በትብብር መኪና፣ ከፊሎቹ ንጋት ላይ በእግራቸው ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር። «በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ሐረግ ከእነርሱ ይልቅ ቃል በቃል የሚስማማው ሰው አላገኘሁም።

አድማው በአውቶቡስ መቀመጫ ላይ ድል አደረገ፤ የምርጫው ካርድ ግን ገና ሌላ ብዙ መታቀፍ ነበረበት። በምርጫ ላይ የዘር አድልዎን የከለከለው የመምረጥ መብት ሕግ ነሐሴ 6 ቀን 1965 ሲፈረም ሴትዮዋ 64 ዓመቷ ነበር።