ካሌብ ለልጁ ምንጭ ሰጣት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ተወዳጆች ሆይ፣ አያቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ዕድሜ ጠግበው፣ ቆርበው፣ ልጅና የልጅ ልጅ ከበዋቸው ነው የሄዱት።

በኮርያ ጦርነት የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ ኮርያ ገባ። በጠቅላላው እየተተካኩ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከ120 የሚበልጡት በዚያው ወደቁ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። በደርግ ዘመን ይህ ዘመቻ የሚነገር ታሪክ ስላልነበር አያቴ ሜዳልያቸውን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ከተቱት፤ ልጆቻቸውንም በዝምታ አሳደጉ።

ልጅ ሳለሁ፣ “አባባ፣ ስንት ሰው ገደሉ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። “ልጄ፣ እሱን ለንስሐ አባቴ ነግሬዋለሁ” አሉኝና ስለ ሕፃናት ያወሩልኝ ጀመር። በዚያ ብርድ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ቆርቆሮ ይዘው የወታደር ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ይቆሙ ነበር። የእኛ ወታደሮች ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ለእነዚህ ልጆች ማሳደጊያ እንዳቋቋሙ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ገባኝ። አያቴ ማዕድ ሲቀርብ ሕፃናት ሳይቀምሱ እጃቸውን ወደ መሶቡ ሰደው አያውቁም ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስም ስለ አንድ አረጋዊ ወታደር ይነግረናል። የዮፎኒ ልጅ ካሌብ በሰማንያ አምስት ዓመቱ ኢያሱ ፊት ቆሞ፣ ጕልበቴ ዛሬም እንደ ድሮው ነው፣ ይህን ተራራ ስጠኝ አለ (ኢያ. 14፥10-12)። ብዙ ጊዜ የሚሰበክልን ይህ ነው፤ ደግም ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። ልጁ ዓክሳ ከአህያዋ ወረደች። “ምን ፈለግሽ?” አላት። የሰጠኸኝ ምድር ደረቅ ነውና ውኃ ስጠኝ አለችው። ላይኛውንም ታችኛውንም ምንጭ ሰጣት (ኢያ. 15፥18-19)። ግዙፎቹን ሦስቱን የዔናቅ ልጆች ያሳደደው ሰው የልጁን ፊት አይቶ ጥማቷን ጠየቀ። መንፈስ ቅዱስ ይህን የቤት ውስጥ ጉዳይ ከድሉ አጠገብ አስጽፎታል፤ በዋዛ አይመስለኝም።

ሐዋርያው ስለ ዋኖቻችን ሲናገር “የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው” ይላል (ዕብ. 13፥7)። ተዝካራችን ጸሎተ ፍትሐቱ ተቻኩሎ ድግሱ የሚረዝምበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚፎካከርበት ሲሆን ያሳዝነኛል። የአባት ኑሮ ፍሬ መቼ ይታሰብ?

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ማዕዱን ባረኩ። ሽማግሌዎቹ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እናቴ የመጀመሪያውን እንጀራ አነሣችና በእነርሱ በኩል አልፋ፣ የሰፈሩ ሕፃናት ወደ ቆሙበት በር ሄደች።